የአምላክን ማደሪያ ደረጃ ያወጣል ስለተባለው መጠጥ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የኢዋኩሬ መንደር የማደሪያ ተሸካሚዎች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሬይዋ በተባለው የጃፓን ዘመን 6ኛ ዓመት፣ ሴፕቴምበር 29፣ እሑድ።

ቦታ፦ የመንደሩ አዳራሽ፣ ምንጣፍ ያለው ክፍል። ወንበር ያለው ክፍል ጣሪያው ያፈስሳል።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00። አባላት በ2፡40 ተሟልተው ስለተገኙ ሃያ ደቂቃ በዝምታ ተጠብቋል።

የተገኙ፦
1. አቶ ኩራሞቺ ጌንዞ፣ 77 ዓመት፣ ሊቀመንበር። በጡረታ ላይ ያሉ የግድግዳ ልስን ባለሙያ። የማደሪያውን የፊት ቀኝ ጫፍ ለሃምሳ ሁለት ዓመት የተሸከሙ።
2. አቶ ኢሶጋይ ሪኪቺ፣ 77 ዓመት፣ ምክትል ሊቀመንበር። ቶፉ የተባለው የአኩሪ አተር አይብ ሠሪ፣ የትንሽ ጭነት መኪና ባለቤት። የፊት ግራ ጫፍ ተሸካሚ።
3. ወይዘሮ ሂሩማ ሳዮ፣ 69 ዓመት፣ የመንደሩ ፋርማሲ ባለቤት፣ የመጠጡ አዘጋጅ።
4. አቶ ናሩሴ ካንጂ፣ 58 ዓመት፣ የወጣቶች ክፍል ኃላፊና ብቸኛ አባል።
5. ዋታኑኪ ሾሳኩ፣ 81 ዓመት፣ ጸሐፊ።

ያልተገኙ፦ ሃያ ስድስት አባላት። ከእነዚህ ውስጥ ሃያ አንዱ «ሊቀመንበሩ የወሰነው የእኔም ውሳኔ ነው» የሚል ባለማኅተም ውክልና ልከዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከ31 አባላት አምስቱ በአካል፣ ሃያ አንዱ በወረቀት ስለተገኙ ተሟልቷል። አቶ ናሩሴ ከውክልናዎቹ አንዱ የአቶ ሴኪጉቺ መሆኑን፣ አቶ ሴኪጉቺም በዚህ ወር 11 ቀን መሞታቸውን አስታውሰዋል። ሊቀመንበሩ ሟቹ ውክልናቸውን በጽሑፍ አለማንሳታቸውን ገልጸዋል። ወይዘሮ ሂሩማ ቢያንስ ድምፃቸው ሲቆጠር ባርኔጣ ይውለቅ ብለዋል። ከአጭር ውይይት በኋላ ውክልናው የጸና መሆኑ ተወስኗል (ውሳኔ 1)። ከዚህ በታች «በሙሉ ድምፅ» በተባለበት ሁሉ ሟቹም አሉበት።

የስብሰባው ምክንያት

በኦክቶበር ሁለተኛ እሑድ አምላካችን ከታችኛው መቅደስ ወጥቶ፣ በእንጨት ማደሪያው ውስጥ ሆኖ፣ በሰው ትከሻ 214 የድንጋይ ደረጃ ወደ ላይኛው መቅደስ ይወጣል። ማደሪያው 340 ኪሎ ይመዝናል። የተሸካሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 71 ነው። አምና ማደሪያው 131ኛው ደረጃ ላይ ቆሟል። «ቁም» ያሉት አቶ ኢሶጋይ ናቸው፤ እግሬ ከዳኝ ብለዋል። አምላኩ ከጎረቤት መንደር ሰው ተለምኖ እስኪመጣ ድረስ ሃምሳ ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

በዚህ የተነሣ አቶ ኢሶጋይ ማደሪያው ዘንድሮ በእሳቸው መኪና ተጭኖ በኋላ በኩል ባለው የጫካ መንገድ እንዲወጣ ሐሳብ አቅርበዋል። ሊቀመንበሩ ከቶፉ ሣጥን ጋር የሚጫን አምላክ አናውቅም ብለው፣ በምትኩ የወይዘሮ ሂሩማን ኃይል ሰጪ መጠጥ አቅርበዋል። ባለፈው ስብሰባ ሁለቱም ወገኖች በዚህ ተስማምተዋል፦ መጠጡ ከሠራ ማደሪያው በትከሻ ይሄዳል፤ ካልሠራ በመኪና። ሊቀመንበሩ መኪና ከሆነ እሳቸው በበዓሉ ቀን ከቤት እንደማይወጡ፣ ከዚያም ወዲያ እንደማይወጡ በመሐላ ተናግረዋል። ማደሪያው በምን እንደሚወጣ ለመቅደሱ ካህን የሚሰጠው መልስ ነገ ማለቅ ስላለበት ዛሬ መወሰን ግድ ሆኗል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ማሸጊያው

ወይዘሮ ሂሩማ «የተራራ ትከሻ» የተባለውን መጠጥ አቅርበዋል። ጠርሙሱ ቡኒ ሲሆን የጣት ርዝመት አለው፤ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለ31 አባላት ታስቦ ለጊዜው 24 ጠርሙስ ተዘጋጅቷል። አቶ ኢሶጋይ በዚህ መጠን የዓይን ጠብታ እንደሚሸጥ አስታውሰዋል። ሊቀመንበሩ ሚጥሚጣም ትንሽ ናት ብለዋል።

በጠርሙሱ ላይ ማደሪያ የተሸከመ ሰው ሥዕል አለ። አቶ ኢሶጋይ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። ወይዘሮ ሂሩማ አማቻቸው ከራሱ አውጥቶ እንደሣለው ገልጸዋል። አቶ ኢሶጋይ ያስ ይሁን፣ ነገር ግን በዚህ ማኅበር ውስጥ ይህን ያህል ፀጉር ያለው ሰው በሕይወት አለመኖሩ ለገዢ እንደ ማታለል ሊቆጠር ይችላል ብለዋል። ሊቀመንበሩ በበኩላቸው ሰውየው በግራ ትከሻው መሸከሙን ነቅፈዋል፤ ግራ የሚሸከም ሰው እግሩ የሚከዳው ዓይነት ሰው ነው ብለዋል። አቶ ኢሶጋይ ጠርሙሱን አዙረው አስቀምጠዋል። ከሃያ አምስት ደቂቃ ውይይት በኋላ ሰውየው ወደ ቀኝ ትከሻ እንዲዛወርና ፀጉሩ በመጠኑ እንዲቀነስ ተወስኗል (ውሳኔ 2)። አቶ ናሩሴ ፀጉር ስላላቸው ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

በጠርሙሱ ጀርባ አራት መስመር ጽሑፍ አለ። ሊቀመንበሩ ክንዳቸውን እስከ መጨረሻ ዘርግተው ሞክረዋል። አቶ ኢሶጋይ ወደ መስኮት ወስደውታል። አቶ ናሩሴ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው አጉልተው ያዩት የራሳቸውን አውራ ጣት ሆኖ ተገኝቷል። ወይዘሮ ሂሩማ ጽሑፉን በቃሌ ልበልላችሁ ብለው ሲጀምሩ፣ ሊቀመንበሩ በማኅበራችን ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤም ሆነ የመንግሥት ሰርኩላር ተነብቦ እንደማያውቅ፣ ሁልጊዜ «እንደተነበበ ይቆጠር» እንደሚባል አስረድተዋል። ጽሑፉ እንደተነበበ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል (ውሳኔ 3)። ወይዘሮ ሂሩማ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘግተዋል። ተቃውሞ አለመኖሩ ተመዝግቧል።

ክዳኑን ማንም ሊከፍተው አልቻለም። አቶ ኢሶጋይ መጠጡን ለመክፈት አስቀድሞ መጠጡን መጠጣት እንደሚያስፈልግ ተናግረዋል። አቶ ናሩሴ በእርጥብ ፎጣ ይዘው ከፍተውታል። ከእንግዲህ መክፈት የወጣቶች ክፍል ሥራ እንዲሆን ተወስኗል (ውሳኔ 4)።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጣዕሙ

አዳራሹ ውስጥ ከሩዝ አረቄ ጽዋዎች በስተቀር መጠጫ ስላልተገኘ በእነዚያ ተቀድቷል። ስህተቱ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ከዚህ ጽዋ የሚጠጣ ሰው ለራሱ አይቀዳም። የጎረቤቱን ጽዋ ባዶ አይቶ ዝም የሚል ሰው ያልተቀጣ ነው። የተቀዳለትን የሚያስቀር ደግሞ፣ በተለይ አዘጋጇ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለች፣ ከዚያ የባሰ ነው። ስለዚህ የጠጣ ሁሉ ተቀዳለት፤ የተቀዳለት ሁሉ ጠጣ።

ስለ ጣዕሙ ሊቀመንበሩ «ጥልቅ» ብለዋል። አቶ ኢሶጋይ «በቀላሉ የሚረሳ አይደለም» ብለዋል። አቶ ናሩሴ የአያታቸው የመድኃኒት መሳቢያ ትዝ እንዳላቸው ገልጸው፣ መሳቢያውን ነው ወይስ መድኃኒቱን ተብለው ሲጠየቁ መሳቢያውን ብለዋል። ጸሐፊው ተጠይቆ መራራ ነው ብሏል። ሁሉም ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። የወይዘሮ ሂሩማን ስሜት ለመጠበቅ ለሁሉም በድጋሚ ተቀድቷል። ጣዕሙ «ጥልቅ፣ የማይረሳና ግልጽ» ተብሎ እንዲመዘገብ ተወስኗል (ውሳኔ 5)።

በ4፡40 ለቀሩት አባላት የሚላከው ሊቆጠር ሲል አንድም ጠርሙስ አልተገኘም። አቶ ናሩሴ ሲከፍቱ የነበሩት ያንኑ አንድ ጠርሙስ ይመስላቸው እንደነበር አስረድተዋል። ማጣራት ተደርጎ ሊቀመንበሩ ስድስት፣ አቶ ኢሶጋይ ስድስት፣ አቶ ናሩሴ አምስት፣ ወይዘሮ ሂሩማ አራት፣ ጸሐፊው ሦስት መጠጣታቸው ታውቋል።

ወይዘሮ ሂሩማ ያን ጊዜ «በቀን አንድ ነው የሚለው» አሉ።

ሊቀመንበሩ «የት ነው የሚለው?»

«ከጀርባው።»

«እና ምነው ዝም አልሽ?»

«እንደተነበበ ይቆጠር ተባለ፤ ቆጠርኩት።»

አጀንዳ 3፦ ስለ ውጤቱ

ወይዘሮ ሂሩማ የሁሉንም የልብ ምት ለክተዋል። የተገኘውን ቁጥር ለመናገር ፈቃደኛ አልሆኑም፤ ወደ ክሊኒኩ ሐኪም ግን ስልክ ደውለዋል። ሐኪሙ ብዙ ውኃ እንዲጠጣ፣ ሻይ እንዳይነካ፣ ሁሉም ዝም ብለው እንዲቀመጡ፣ የባሰበት ሰው ካለ ወዲያው እንዲነገረው አዝዟል። ውኃው ተጠጥቷል። መቀመጡ አልተቻለም።

ከ4፡50 እስከ 4፡59 ባለው ጊዜ አሥራ አንድ ሐሳቦች ቀርበው አሥራ አንዱም በሙሉ ድምፅ አልፈዋል (ከውሳኔ 6 እስከ 16)። ከእነዚህም መካከል ድልድዩ ዛሬውኑ ቀለም እንዲቀባ፣ የተዘጋው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ባይኖርም እንዲከፈት፣ የላይኛው መንደር ሰዎች በፈለጉት ቁጥር መጥተው ከእኛ ከአምስታችን ጋር ገመድ እንዲጎትቱ፣ እንዲሁም 214 ያልሞላ ቁጥር ስለሆነ ስድስት ደረጃ ተጨምሮ 220 እንዲሆን የሚሉት ይገኛሉ። የመጨረሻውን ሐሳብ ያቀረቡት ሊቀመንበሩ ሲሆኑ የደገፉት አቶ ኢሶጋይ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ሐሳብ ሲስማሙ ከአምና ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

በዚሁ ጊዜ ወይዘሮ ሂሩማ የአዳራሹን ሳህኖች በመጠን፣ ቀጥሎ በቀለም፣ ቀጥሎ እንደገና በመጠን ደርድረዋል። የአቶ ኢሶጋይ ጉልበት ሳያቋርጥ በመርገብገቡ ጽዋዎቹ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ወርደዋል። አቶ ናሩሴ ምክንያቱን ሳይገልጹ አዳራሹን አራት ጊዜ በሩጫ ዞረዋል። ጸሐፊው ምንም ለውጥ አልተሰማውም። በእነዚህ ዘጠኝ ደቂቃዎች የጻፋቸው አሥራ አራት ገጾች በአባሪነት ተያይዘዋል።

ሊቀመንበሩ የልብ ምት የአንድን ተሸካሚ ትከሻ እንደማይለካ ገልጸው፣ ፈተናው በማደሪያው ላይ፣ አሁን፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ይሁን ብለዋል። ጸሐፊው በጥሪው ላይ የተጻፈው ቦታ አዳራሹ በመሆኑ ስብሰባው ወደ ሌላ ቤት ሊሄድ እንደማይችል አሳስቧል። ሊቀመንበሩ በዚያን ጊዜ ጫማቸውን አጥልቀው ነበር። የስብሰባው ቦታ «ሊቀመንበሩ የሚገኙበት ሁሉ» እንዲሆን በሩጫ ላይ ተወስኗል (ውሳኔ 17)።

ማደሪያው ዕቃ ቤት ውስጥ ነጭ ጨርቅ ለብሶ በመቆሚያዎቹ ላይ ነበር። 340 ኪሎ በአምስት ሰው እንደማይነሣ ጸሐፊው ተናግሯል። ሊቀመንበሩ ማንሣት ሳይሆን የየራስን ጫፍ ከመቆሚያው ማላቀቅ ብቻ እንደሚበቃ ገልጸዋል። ከፊት በቀኝ ሊቀመንበሩ፣ በግራ አቶ ኢሶጋይ፣ ከኋላ ወይዘሮ ሂሩማና አቶ ናሩሴ ገብተዋል። ጸሐፊው እርሳሱን ይዞ ጫፎቹ ስንት እንደተነሡ ይለካ ዘንድ ታዝዟል።

በመጀመሪያው ሙከራ የፊት ግራው ጫፍ ሁለት ጣት ተነሥቷል። የፊት ቀኙ አልተነሣም። ሊቀመንበሩ ወለሉ ዘንባላ ነው ብለዋል። በሁለተኛው ሙከራ የፊት ግራው ሦስት ጣት ተነሥቷል፤ የኋላ ሁለቱም በመጠኑ። የፊት ቀኙ አልተነሣም። ሊቀመንበሩ ጸሐፊው አጣሞ ለክቷል ብለዋል። ጸሐፊው አላጣመመም። በሦስተኛው ሙከራ ሊቀመንበሩ ትከሻቸውን ከእንጨቱ ሥር ሊያስገቡ ሲሉ ቀኝ ክንዳቸው ከደረት በላይ አልወጣላቸውም። በግራ እጃቸው ደግፈው አወጡት። ይህንን ሁሉም አይተዋል።

አቶ ኢሶጋይ እንጨቱን ለቀው ይበቃል አሉ።

ሊቀመንበሩ «አስቁም እንጂ» አሉ። «ልማድህ አይደል። አምና አምላክን አስቆምክ፤ ዘንድሮ እኔን።»

አቶ ኢሶጋይ የተናገሩት ቃል በቃል ይህ ነው፦

«ጌንዞ፣ አምና እግሬ ምንም አልሆነም። ቀና ስል ፊትህን አየሁት። ከንፈርህ ጠቁሯል። አንድ ደረጃ ብንጨምር ትወድቅ ነበር። አንተ ስትወድቅ ደግሞ ማደሪያው አብሮህ ይወድቃል። ስለዚህ እግሬ አልኩ።»

ሊቀመንበሩ የማደሪያውን ነጭ ጨርቅ ለአራት ደቂቃ ያህል ሲያስተካክሉ ቆይተዋል። ጸሐፊው ሰዓቱን ይዟል።

ሊቀመንበሩ «ምነው ያኔውኑ ብትነግረኝ?» አሉ።

«ብነግርህ ትወርድ ነበር?»

«አልወርድም።»

«አየህ። መኪናውንም ያመጣሁት ለዚሁ ነው። መኪናውን ስትጠላ እኔን ትጠላለህ። ትከሻህን አትጠላም ብዬ ነው።»

ሊቀመንበሩ በማደሪያው መቆሚያ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ላይ መቀመጥ ክልክል መሆኑን ጸሐፊው ያውቃል፤ አላሳሰበም። ከዚያ ሊቀመንበሩ በማኅበሩ ስምምነት መሠረት ውጤቱን ራሳቸው አስታውቀዋል፦ መጠጡ አልሠራም፤ ስለዚህ ማደሪያው በመኪና ይሂድ (ውሳኔ 18)። ድምፅ ሲጠየቅ ሊቀመንበሩ ደግፈዋል። ሃያ አንዱ ውክልናዎች ከእሳቸው ጋር ደግፈዋል። አቶ ኢሶጋይ በራሳቸው ሐሳብ ላይ ብቸኛው ተቃዋሚ ሆነዋል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

አቶ ኢሶጋይ የመኪናውን ሐሳብ መልሰው መውሰዳቸውን ገልጸው፣ በአጀንዳ 3 ላይ የተናገሩት ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። ጸሐፊው ድምፅ የተሰጠበት ሐሳብ ተመልሶ እንደማይወሰድ፣ በስብሰባ ላይ የተነገረ ቃልም እንደማይሰረዝ፣ ቦታውም በውሳኔ 17 መሠረት ስብሰባ መሆኑን አስረድቷል። አቶ ኢሶጋይ ጸሐፊውን ደረቅ ብለውታል። ተመዝግቧል።

ወይዘሮ ሂሩማ እንደ ባለሙያ ሲናገሩ፣ በ24 ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ የተወሰነ ውሳኔ ውሳኔ ሊባል እንደማይችል፣ ድልድዩንም ዛሬ የሚቀባ ሰው እንደሌለ ገልጸዋል። አቶ ኢሶጋይ ይህን ሐሳብ ሁለት ጊዜ ደግፈዋል። ጸሐፊው ሁሉም እንዲሻር ሕጉ እንደሚፈቅድ፣ ነገር ግን የሚሻረው ነገር አስቀድሞ ተዘርዝሮ መጻፍ እንዳለበት፣ ስለዚህ ከላይ የተጻፈው አንድም ቃል እንደማይነካ ገልጿል።

አቶ ኢሶጋይ እንግዲያው የተናገርኩት ጠጥቼ ነው ተብሎ ይጻፍልኝ ብለዋል።

ሊቀመንበሩ «ይጻፍ» አሉ። «የተናገርከው ጠጥተህ ነው። ያደረግከው ግን አምና ነው። አምና አልጠጣህም።»

አቶ ኢሶጋይ ወደ ውጭ ወጥተው ትንሽ ቆይተው ተመልሰዋል።

ሁሉም ከተሻረ ዘንድሮ አምላኩ በምን እንደሚወጣ ወይዘሮ ሂሩማ ጠይቀዋል። በዚህ ጊዜ አቶ ናሩሴ፣ በስብሰባ ላይ ሳይጠየቁ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው፣ ከትልቁ ማደሪያ ጀርባ ያለውን ጨርቅ ገልጠዋል። ከሥሩ ልጆች ይሸከሙት የነበረው ትንሹ ማደሪያ ተገኝቷል። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ አልወጣም። 58 ኪሎ ይመዝናል። አቶ ናሩሴ ይህ ማደሪያ የወጣቶች ክፍል ንብረት ስለሆነ የማኅበሩ ውሳኔ እንደማያስፈልገው አስረድተው፣ የወጣቶች ክፍል እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ ሙሉ አባላቱ በተገኙበት ተሰብስቦ ትንሹ ማደሪያ በትከሻ ደረጃውን እንዲወጣ በአንድ ድምፅ መወሰኑን አስታውቀዋል። ሦስት ተሸካሚ እንደሚጎድላቸው ጨምረዋል።

ጸሐፊው አምላኩ በልጆች ማደሪያ ለመግባት ፈቃደኛ መሆኑ ይታወቃል ወይ ብሎ ጠይቋል። ሊቀመንበሩ ማንም እስከ ዛሬ ስለ ስፋቱ ጠይቆት እንደማያውቅ፣ ካህኑን ግን ነገ ራሳቸው ሄደው እንደሚጠይቁ ተናግረዋል።

ከዚያ ሊቀመንበሩ የወጣቶች ክፍል የዕድሜ ገደብ ስንት እንደሆነ አቶ ናሩሴን ጠይቀዋል። አቶ ናሩሴ ገደቡ አርባ እንደነበር፣ ነገር ግን እሳቸው እንዳይወጡ በየዓመቱ አንድ ዓመት ሲጨመርበት አሁን 58 መድረሱን ገልጸዋል። ሊቀመንበሩ በአንድ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። አቶ ናሩሴ ክፍሉን ሰብስበው እንደሚቻል መልሰዋል። አቶ ኩራሞቺ ጌንዞና አቶ ኢሶጋይ ሪኪቺ ለወጣቶች ክፍል አባልነት አመልክተው ተቀባይነት አግኝተዋል። ወይዘሮ ሂሩማ ዕድሜያቸው በአዲሱ ገደብ ውስጥ በመሆኑ ያለ ክርክር ገብተዋል። አቶ ናሩሴ ለአዲሶቹ አባላት ቦታ ሲመድቡ አቶ ኩራሞቺን ከኋላ በግራ አድርገዋቸዋል። አቶ ኩራሞቺ የግራ ትከሻቸውን በእጃቸው ደባብሰው፣ አዲስ ነው፣ አልተነካም ብለዋል።

ጸሐፊው 81 ዓመቱ በመሆኑ ከገደቡ በላይ ነው። እንዲጨመርለት አልጠየቀም።

ማጠቃለያ

ውሳኔ 19፦ የማደሪያ ተሸካሚዎች ማኅበር ዛሬ ከውሳኔ 1 እስከ ውሳኔ 18 የወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። በጠርሙሱ ላይ ያለው ሰው በግራ ትከሻው እንደተሸከመ፣ ፀጉሩም እንዳለ ይቆያል። ድልድዩ አይቀባም፤ ደረጃው 214 ነው። መኪናው ቶፉ ያመላልሳል። የጠርሙሱ የጀርባ ጽሑፍ እንደተነበበ አይቆጠርም፤ ወይዘሮ ሂሩማ ለሁሉም ጮክ ብለው አንብበዋል። ውሳኔ 1 በመሻሩ የአቶ ሴኪጉቺ ውክልና ከእንግዲህ ዋጋ የለውም፤ ለድምፃቸው ባርኔጣ ወልቋል።

ስብሰባው ከቀኑ 7፡10 ተዘግቷል። አባላት ማኅተማቸውን ሊያሳርፉ ሲሉ ማኅተሙ ከወረቀቱ ውጭ እያረፈ ስላስቸገረ ለነገ ጠዋት ተላልፏል። ከዚያ በኋላ ለመሄድ የተነሣ አልነበረም። የወጣቶች ክፍል አባላት ትንሹን ማደሪያ አንሥተው በግቢው ውስጥ ሦስት ጊዜ ዞረዋል፤ «ቁም» ያለ ሰው አልነበረም።

ጸሐፊ፦ ዋታኑኪ ሾሳኩ